ኮንቬየር ላይ የሚያልፍ እቃን በፒኤልሲ መቁጠር፦ ከሴንሰሩ እስከ ስክሪኑ

ፒኤልሲ (ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር) መማር የጀመረ ሰው ሁሉ ኮንቬየር ላይ የሚያልፍ እቃ የሚቆጥር ፕሮግራም ይሠራል። አንድ ሴንሰር፣ አንድ ካውንተር፣ አንድ መብራት። ሲሙሌተር ላይ ቁልፉን አሥር ጊዜ ሲነኩት አሥር ይላል፤ ደስ ይላል። ያው ፕሮግራም እውነተኛ መስመር ላይ ሲገባ ግን ስክሪኑ 4,812 ይላል፣ መጋዘን የተረከበው 4,790 ይሆናል። ከዚያማ ጭቅጭቅ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ካውንተሩ አልተሳሳተም፤ የተሰጠውን ነው የቆጠረው። ስህተቱ የተፈጠረው ምልክቱ ካውንተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት ነው። ወይ አንድ እቃ ሁለት ምልክት ሰጥቷል፣ ወይ ሁለት እቃ ተጣብቀው አንድ መስለዋል፣ ወይ ደግሞ እቃው ፒኤልሲው ሳያየው ሾልኳል። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ ብዙውን ጊዜ የምናጠፋው «አንድ እቃ፣ አንድ ምልክት» የሚለውን በማረጋገጥ ነው። ካውንተሩን መጻፍ ከዚያ በኋላ የደቂቃዎች ሥራ ነው።

የምጠቀምባቸው የብሎክ (የተዘጋጀ የፕሮግራም ክፍል) ስሞች በአይኢሲ 61131-3 ዓለም አቀፍ ደረጃ ያሉት ናቸው። ይህ የፒኤልሲ ቋንቋዎች ደረጃ መጀመሪያ የወጣው በ1993 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ዛሬ አብዛኞቹ አምራቾች ይብዛም ይነስም ይከተሉታል። የእናንተ ፒኤልሲ የማንም ይሁን የማን፣ ስሙ ትንሽ ይለያይ ይሆናል እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ደረጃ 1፦ ምኑን፣ የት ላይ?

ሶፍትዌሩን ከመክፈታችሁ በፊት ቁጥሩን የሚፈልገው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ወደ መጋዘን የገባውን ምርት ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ሴንሰሩ መቀመጥ ያለበት ብልሹ እቃ ከሚጣልበት ቦታ በኋላ ነው። ማሽኑ ምን ያህል እንዳመረተ ማወቅ ከሆነ የተፈለገው ከዚያ በፊት። ሁለቱንም ከፈለጉ ሁለት ሴንሰር ይግዙ። በአንዱ ቁጥር ላይ ተነስቶ ሌላውን መገመት በኋላ ጣጣ ያመጣል።

ቀጥሎ ቦታ። እቃው በአንድ ረድፍ፣ ተራርቆ፣ በቋሚ ፍጥነት የሚያልፍበትን ቦታ ፈልጉ። ኩርባ ላይ፣ እቃ ተጠራቅሞ የሚገፋፋበት ቦታ ላይ ወይም ከአንድ ቤልት ወደ ሌላው የሚሻገርበት መጋጠሚያ ላይ አትትከሉ።

እቃዎቹ ተጣብቀው የሚመጡ ከሆነ አንድ አሪፍ መላ አለ። የሚቀጥለውን ቤልት ፈጠን አድርጉት። የመጀመሪያው በደቂቃ 20 ሜትር፣ ሁለተኛው 30 ሜትር ቢሄድ ፊት ያለው እቃ ቀድሞ ስለሚነጠቅ ክፍተት ይፈጠራል። ተጣብቀው የመጡ 200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸው ካርቶኖች ሁለተኛው ቤልት ላይ ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው ፊት 300 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። 100 ሚሊ ሜትር ክፍተት አገኛችሁ ማለት ነው። ሴንሰሩን እዚያ፣ ካርቶኑ ሙሉ በሙሉ ፈጣኑ ቤልት ላይ ከወጣ በኋላ ትከሉት። ይህን ምሳሌ እስከ መጨረሻው ይዘነው እንሄዳለን፦ 200 ሚሊ ሜትር ካርቶን፣ 100 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ በደቂቃ 30 ሜትር ማለትም በሰከንድ 500 ሚሊ ሜትር።

ደረጃ 2፦ ሴንሰር መምረጥ

ለቆጠራ የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ሁሌም ትሩ-ቢም ነው። ብርሃን የሚልከው በአንድ በኩል፣ የሚቀበለው በሌላ በኩል ሆነው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እቃው መሃል ሲገባ ብርሃኑ ይቋረጣል። የእቃው ቀለም ምንም ይሁን፣ ማብረቅረቁም ምንም ይሁን፣ ግድ የለውም።

በሁለቱም በኩል ሽቦ መሳብ ካልተመቸ ሬትሮ-ሪፍሌክቲቭ አለ። በአንድ በኩል ሴንሰር፣ በሌላው አንጸባራቂ ሳህን። የሚያብረቀርቅ ጣሳ ራሱ ብርሃኑን ስለሚመልስ ሊያታልለው ይችላል፤ ፖላራይዝድ ፊልተር ያለውን ዓይነት ግዙ። ከእቃው ገጽ ላይ የሚመለሰውን ብርሃን የሚያየው ዲፊዩዝ ደግሞ ለመትከል ከሁሉም ይቀላል፣ ለቆጠራ ግን ከሁሉም ያስቸግራል። ነጭ ካርቶን ከሩቅ ያያል፣ ጥቁሩን ላያየው ይችላል። እቃው ሁሉ ብረት ከሆነና በጣም ቀርቦ የሚያልፍ ከሆነ ኢንዳክቲቭ ሴንሰር አቧራም ዘይትም አይበግረውም።

ክብ እቃ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ቁጥር የሚጠፋው እዚህ ነው። ጠርሙሶች ተጣብቀው ሲመጡ ሴንሰሩ ሆዳቸው ላይ ካነጣጠረ፣ በሚነካኩበት ነጥብ ላይ ብርሃኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለም። አሥር ጠርሙስ አንድ ረጅም እቃ ሆኖ ይታያል። መፍትሔው ሴንሰሩን ወደ አንገቱ ከፍ ማድረግ ነው። የጠርሙሱ ሆድ 65 ሚሊ ሜትር፣ አንገቱ 28 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ሆዳቸው ቢጣበቅም እንኳ በአንገትና በአንገት መሃል 37 ሚሊ ሜትር ክፍት ይቀራል። በሰከንድ 500 ሚሊ ሜትር ፍጥነት ይህ 74 ሚሊ ሰከንድ ነው። ለፒኤልሲ ከበቂ በላይ ጊዜ ነው። አንድም መስመር ኮድ ሳትጽፉ ችግሩን ፈታችሁት።

ክፍተቱ ከጨረሩ ውፍረት የሰፋ መሆን እንዳለበትም አትርሱ። የትሩ-ቢም ጨረር ውጤታማ ስፋት የሌንሱን ያህል ነው። ጠባብ ክፍተት ማየት ካስፈለገ ሌንሱ ፊት ጠባብ ስንጥቅ ያለው መሸፈኛ ይደረጋል።

ደረጃ 3፦ ሽቦ

ቤልቱን አቁሙ፣ ኃይሉን ቆልፉ፣ ከዚያ እጃችሁን አስገቡ። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ደግሞ በተራ የፒኤልሲ ፕሮግራም ላይ አይመሠረትም፤ የራሱ የደህንነት ዑደት ይኑረው።

ባለ ሦስት ሽቦ የዲሲ ሴንሰር ላይ ቡናማው ፕላስ 24 ቮልት፣ ሰማያዊው ዜሮ ቮልት፣ ጥቁሩ ምልክት ነው። ነጭ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው፣ ተቃራኒው ውጤት ነው። ፒኤንፒ ሴንሰር ሲበራ ጥቁሩን ሽቦ ከፕላስ ጋር ያገናኛል፤ ኤንፒኤን ደግሞ ከዜሮ ጋር። የፒኤልሲው ግብአት የጋራ ተርሚናል በዚሁ መሠረት መታሰር አለበት። የሴንሰሩ መብራት እየበራ እየጠፋ የፒኤልሲው ግብአት መብራት ንቅንቅ ካላለ፣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህንን ነው።

አንድ ምርጫ ደግሞ እዚሁ ላይ ይደረጋል። ትሩ-ቢሙን ብርሃን ሲያገኝ «1» እንዲሰጥ አድርጉት። እቃ ሲመጣ «0» ይሆናል፣ በፕሮግራም ውስጥ ትገለብጡታላችሁ። ምን ጥቅም አለው? ሽቦው ቢበጠስ ወይም ሌንሱ ቢቆሽሽ ግብአቱ «0» ሆኖ ይቀራል፤ ይህም «ሴንሰሩ ፊት ያለው እቃ አልሄድ አለ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያስነሳል። በተቃራኒው ካደረጋችሁት የተበጠሰ ሽቦና ባዶ ቤልት አንድ ይሆኑባችኋል።

ደረጃ 4፦ ፒኤልሲው ይደርስበታል ወይ?

ፒኤልሲ ሴንሰሩን አፍጥጦ እያየ አይደለም። ግብአቶቹን ያነባል፣ ፕሮግራሙን ከላይ እስከ ታች ይሠራል፣ ውጤቶቹን ይጽፋል፣ ከዚያ እንደገና። ይህ ዙር ስካን ይባላል። በሁለት ንባብ መሃል የሆነውን አያውቅም፤ ዓይኑን ከድኖ እንደሚከፍት ሰው ማለት ነው። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ግብአት የራሱ ፊልተር አለው። ከፊልተሩ ጊዜ ያጠረ ምልክት እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ እቃው የሚታይበት ጊዜም፣ ክፍተቱ የሚታይበት ጊዜም ከስካኑና ከግብአት ፊልተሩ ድምር መብለጥ አለበት። እኔ ቢያንስ እጥፍ ካልሆነ አልተማመንም፤ ስካን አንዳንዴ ስለሚረዝም።

እናስላ። መጀመሪያ የቤልቱን ፍጥነት ራሳችሁ ለኩ። ሞተሩ ላይ የተለጠፈውን አትመኑ። ቤልቱ ዳር ላይ ምልክት አድርጉና በታወቀ ርቀት ውስጥ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ያዙ። በእኛ ምሳሌ፦

ካርቶኑ የሚታይበት ጊዜ፦ 200 ሲካፈል ለ500 = 0.4 ሰከንድ፣ ማለትም 400 ሚሊ ሰከንድ።
ክፍተቱ የሚታይበት ጊዜ፦ 100 ሲካፈል ለ500 = 200 ሚሊ ሰከንድ።

ስካኑ 10፣ ፊልተሩ 6.4 ሚሊ ሰከንድ ቢሆን ድምሩ 16.4 ነው። ዘና ብሎ ያያል።

አሁን ሌላ መስመር አስቡ። 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ክዳኖች፣ በመሃላቸው 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 1 ሜትር። ክፍተቱ የሚታየው ለ5 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው። ይህንን በተራ ካውንተር ለመቁጠር የሚታገል ሰው ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው የሚሆንበት። ይህ የፈጣን ካውንተር ሥራ ነው፤ ደረጃ 7 ላይ እንመጣበታለን።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ፕሮግራም

አሁን ሶፍትዌሩን ክፈቱ። እጃችሁ ላይ ፒኤልሲ ከሌለ ኮድሲስ የሚባለውን የፒኤልሲ ፕሮግራም መጻፊያ በነጻ አውርዳችሁ በሲሙሌሽን መለማመድ ትችላላችሁ። ታጎቹን (የግብአቶችንና የቁጥሮችን ስም) ሶፍትዌራችሁ በሚቀበለው ፊደል ጻፉ፤ እኔ እዚህ በአማርኛ አስቀምጣቸዋለሁ።

ግብአት፦ ሴንሰር_ጨረር፣ ሞተር_ይሠራል፣ ቁልፍ_ዜሮ።
ውስጣዊ፦ እቃ_አለ፣ እቃ_የተጣራ፣ አዲስ_እቃ።
ቁጥሮች፦ ጠቅላላ፣ በካርቶን (አሁን በሚሞላው ሳጥን ውስጥ የገባው)።

መስመር 1፦ ሴንሰር_ጨረር በዝግ ኮንታክት (ግብአቱ «0» ሲሆን የሚያሳልፍ) በኩል እቃ_አለ የሚለውን ኮይል (የመስመሩን ውጤት) ያበራል። ከላይ ያልነው መገልበጥ ማለት ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ የትም ቦታ ሴንሰሩን በቀጥታ አትጥሩ፤ እቃ_አለን ተጠቀሙ።

መስመር 2፦ እቃ_አለ ወደ ሲቲዩ (ወደ ላይ የሚቆጥር ካውንተር) ብሎክ መቁጠሪያ እግር ይገባል። ቁልፍ_ዜሮ ወደ ሪሴት እግሩ። የዒላማው ቁጥር ፒቪ ላይ ይቀመጣል፣ የተቆጠረው ሲቪ ላይ ይታያል፣ ሲቪ ከፒቪ ሲደርስ ወይም ሲበልጥ ኪው ይበራል።

ሲቲዩ ምልክቱ ከ«0» ወደ «1» ሲቀየር ብቻ ነው የሚጨምረው። ካርቶኑ ሴንሰሩ ፊት ቢውል ቢያድር አንድ ነው። ነገር ግን በሲቲዩ ፈንታ የመደመር ብሎክ ተጠቅማችሁ «ጠቅላላ = ጠቅላላ + 1» ካላችሁ፣ ቅያሪዋን የሚይዝ አር-ትሪግ ወይም ዋን-ሾት የግድ ከፊቱ አስገቡ። ካልሆነ በየስካኑ አንድ ይጨምራል። 400 ሚሊ ሰከንድ የሚታይ ካርቶን፣ 10 ሚሊ ሰከንድ ስካን፦ አንድ ካርቶን 40 ሆነ!

ብዙ ሰው ሲቲዩን ይወዳል። እኔ ግን ለዋናው ቆጠራ አር-ትሪግና መደመርን እመርጣለሁ። ምክንያቱ ደረጃ 8 ላይ ይታያል።

ደረጃ 6፦ ምልክቱን ማጽዳት

ካርቶኖቻችን ጎን ላይ የእጅ መያዣ ቀዳዳ አላቸው እንበል፤ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ልክ መሃሉ ላይ። ጨረሩ በቀዳዳው ያልፋል። ፒኤልሲው «ካርቶን፣ ክፍተት፣ ካርቶን» ብሎ ሁለት ይቆጥራል። የተቻለ እንደሆነ ሴንሰሩን ከቀዳዳው ዝቅ አድርጉት። ካልተቻለ ወደ ታይመር።

መስመር 1ን ተከትሎ ሁለት ታይመር በተከታታይ ይገባል፦ ምልክቱ ለተሰጠው ጊዜ ሳይቋረጥ ሲቆይ ብቻ የሚበራው ቶን፣ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ለተሰጠው ጊዜ በርቶ የሚቆየው ቶፍ። እቃ_አለ ወደ ቶን፣ የቶን ውጤት ወደ ቶፍ፣ የቶፍ ውጤት እቃ_የተጣራ ይሆናል። ቶን አጭር ብልጭታን ይገድላል፦ አቧራ፣ የኬብል ረብሻ፣ የሚበር ላስቲክ። ቶፍ ደግሞ ቀዳዳውን ይሸፍናል።

ቁጥሮቹን በግምት አታስገቡ። ቀዳዳው 30 ሲካፈል ለ500፣ 60 ሚሊ ሰከንድ ይታያል። እውነተኛው ክፍተት 200 ሚሊ ሰከንድ። ስለዚህ 60ን የሚሸፍን፣ 200ን የማይነካ ወሰን እንፈልጋለን፤ 100 መልካም ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት ነገር አለች። ሁለቱ ታይመሮች በዚህ ቅደም ተከተል ሲያያዙ፣ የሚሸፈነው ቀዳዳ የቶፍ ጊዜ ያህል ሳይሆን ቶፍ ሲቀነስ ቶን ያህል ነው። ለምን? ከቀዳዳው በኋላ ካርቶኑ ሲመለስ ቶን እንደገና ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚያሳልፈው፤ በዚያ መሃል ቶፍ መቁጠሩን አላቆመም። ስለዚህ ቶን 20 ሚሊ ሰከንድ ከሆነ ቶፍን 120 አድርጉት። 120 ሲቀነስ 20፣ 100 ሆነ። ቶን 20፣ ቶፍ 40 ብታደርጉ ኖሮ ቀዳዳው በሙሉ ግርማው ይቆጠር ነበር።

ሌላም ማረጋገጫ፦ ከቀዳዳው በፊትና በኋላ ያለው የካርቶን ክፍል 85 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 170 ሚሊ ሰከንድ ነው። ከቶን 20 በጣም ይበልጣል፣ እሺ።

አሁን መቁጠሪያው ላይ እቃ_አለን አውጥታችሁ እቃ_የተጣራን ተኩ።

ታይመር የማይፈታው ጉዳይ ግን አለ። ቤልቱ ሲቆም የካርቶኑ ጠርዝ ልክ ጨረሩ ላይ ቢያርፍስ? ፋብሪካው ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙም አብሮ ይርገበገባል። ሴንሰሩ በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ ይላል፤ ቤልቱ ቆሞ ሳለ ቁጥሩ ይጨምራል። ብዙዎች «ሞተር_ይሠራል ካልሆነ አትቁጠር» የሚል ኮንታክት ያስገባሉ። ግማሽ መፍትሔ ነው። ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ቤልቱ ትንሽ ይንሸራተታል፣ በዚያ መሃል ያለፈ ካርቶን ይጠፋል። ሞተር_ይሠራልን በቶፍ በኩል አሳልፋችሁ ለመንሸራተቻው የሚበቃ ጊዜ ስጡት። ከዚህ የተሻለው ግን ጊዜን ትቶ በርቀት ማሰብ ነው።

ደረጃ 7፦ ኢንኮደርና ፈጣን ካውንተር

ቤልቱን የሚነካ ጎማ ላይ ኢንኮደር (ሲዞር አጫጭር ምልክት፣ ማለትም ፐልስ፣ የሚሰጥ መሣሪያ) ይገጠማል። ጎማው ዙሪያው 200 ሚሊ ሜትር፣ ኢንኮደሩ በዙር 500 ፐልስ ቢሰጥ፣ አንድ ፐልስ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ሕጉ እንዲህ ይሆናል፦ አንድ ካርቶን ከቆጠርክ በኋላ ቤልቱ 240 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 600 ፐልስ፣ ሳይጓዝ ሌላ አትቁጠር።

240 ከየት መጣ? ካርቶኑ 200 ነው፤ ሙሉ ካርቶኑ ከነቀዳዳው፣ ከነኋላ ጠርዙ ይሸፈናል። የሚቀጥለው ካርቶን ፊት 300 ላይ ስለሚመጣ እሱ አይነካም። ቤልቱ ከቆመ ፐልስ የለም፤ ሴንሰሩ የፈለገውን ያህል ቢርገበገብ ቁጥሩ ዝም ይላል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ወይም በእጥፍ ቢጨምር ሕጉ አይለወጥም። መስመሩ ፍጥነት የሚቀያየርበት ከሆነ የኢንኮደሩን ዋጋ አትሰስቱ።

ኢንኮደሩ በሰከንድ 500 ሚሊ ሜትር ላይ 1,250 ፐልስ በሰከንድ ይሰጣል። 10 ሚሊ ሰከንድ ስካን ይህን አይደርስበትም። ለዚህ ነው ፒኤልሲዎች ከስካኑ ተነጥሎ በሃርድዌር የሚሠራ ፈጣን ካውንተር ያላቸው። የተወሰኑ ግብአቶች ላይ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ማኑዋሉን እዩ። ፕሮግራሙ በየስካኑ የደረሰበትን ቁጥር ያነባል እንጂ ራሱ አይቆጥርም። ደረጃ 4 ላይ ያየናቸው ክዳኖችም እዚሁ ይገባሉ፤ ሴንሰሩን በቀጥታ ወደ ፈጣን ካውንተሩ ግብአት አስገቡት።

አንድ ወጥመድ ብቻ ልብ በሉ። ሲመንስ ኤስ7-1200 የሚባለውን ፒኤልሲ ብንወስድ አብሮ የተሠራው ፈጣን ካውንተር እስከ 100 ኪሎ ኸርዝ ይሄዳል። ነገር ግን የግብአት ፊልተሩ ከፋብሪካ ሲወጣ 6.4 ሚሊ ሰከንድ ላይ ነው። እንደዚያው ከተዋችሁት ከ78 ኸርዝ ገደማ በላይ አያልፍም። የእኛ 1,250 የት፣ 78 የት! ፕሮግራሙ ትክክል፣ ሽቦው ትክክል፣ ቁጥሩ ግን ዜሮ ወይም ዝብርቅርቅ ከሆነ ፊልተሩን ዝቅ አድርጉ። ፊልተሩ ሲቀንስ ረብሻ ስለሚገባ የኢንኮደሩ ኬብል ሺልድ (ረብሻ የሚከላከል ሽፋን) ያለው ይሁን፣ ከሞተር ኬብልም ይራቅ።

ደረጃ 8፦ አሥራ ሁለት ሲሞላ

ብዙ ጊዜ ቆጠራው ለብቻው አይፈለግም። 12 እቃ ሲሞላ በር ይከፈታል፣ ወይም ሳጥን ይቀየራል። የተለመደው አሠራር የሲቲዩን ኪው ወደ ራሱ ሪሴት መመለስ ነው። ይሠራል፤ አልፎ አልፎ ግን አንድ እቃ ይበላል። ሪሴት በሆነበት ስካን ላይ አዲስ እቃ ከመጣ ሪሴቱ ያሸንፋል፣ እቃው ሳይቆጠር ይቀራል። በቀስታ መስመር ላይ ላይታይ ይችላል፤ እቃዎቹ ተከታትለው በሚመጡበት ፈጣን መስመር ላይ ግን በወር አንዴ የሚመጣ፣ ማንም መንስኤውን የማያገኝለት ስህተት ይሆናል።

ለዚህ ነው መደመርን የመረጥኩት። እንዲህ ይጻፋል፦

መስመር 5፦ አዲስ_እቃ (እቃ_የተጣራ የገባበት አር-ትሪግ ውጤት) ከበራ፣ ጠቅላላ + 1 እና በካርቶን + 1።
መስመር 6፦ በካርቶን ≥ 12 ከሆነ፣ በካርቶን = በካርቶን − 12፣ ሳጥን + 1፣ በር_ትዕዛዝ አብራ።

ዜሮ አላደረግነውም፣ 12 ቀነስንለት። 13 ደርሶ ቢሆን እንኳ አንዱ ለሚቀጥለው ሳጥን ይተላለፋል። ምንም አይጠፋም።

በሩ ከሴንሰሩ 600 ሚሊ ሜትር ወዲያ ከሆነ ትዕዛዙ ወዲያው መፈጸም የለበትም። እቃው ገና መንገድ ላይ ነው። በእኛ ፍጥነት 1.2 ሰከንድ፣ በኢንኮደር 1,500 ፐልስ መጠበቅ አለበት። ለ12ኛው እቃ አንድ መጠበቂያ ይበቃል፤ የሚቀጥለው 12ኛ 3.6 ሜትር ኋላ ነው። ብልሹ እቃ የሚጥል በር ከሆነ ግን ሁለት ተከታታይ ብልሹ ሊመጣ ይችላል፣ በሴንሰሩና በበሩ መሃል ሁለት እቃ ይኖራል። አንዱ ታይመር ለሁለቱ አይበቃም። እዚያ እያንዳንዱን እቃ እስከ በሩ የሚከታተል ሺፍት ሬጅስተር ወይም የወረፋ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል።

ደረጃ 9፦ ቁጥሩ እንዳይጠፋ፣ እንዳይሞላ

በአይኢሲው ደረጃ መሠረት ተራው ሲቲዩ በኢንት (ባለ 16 ቢት ቁጥር) ነው የሚቆጥረው፤ ጣሪያው 32,767 ነው። በደቂቃ 200 እቃ የሚያልፍበት መስመር ይህን በ2 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይሞላዋል። ከዚያ አንዳንዱ ፒኤልሲ እዚያው ይቆማል፣ አንዳንዱ ወደ ኔጋቲቭ ይገለበጣል። ጠቅላላን ዲኢንት (ባለ 32 ቢት ቁጥር) አድርጉት፤ እሱ ከ2 ቢሊዮን በላይ ይይዛል።

መብራት ሲጠፋ ቁጥሩ እንዲቆይ ጠቅላላንና በካርቶንን ሪቴንቲቭ አድርጋችሁ ምልክት አድርጉ። ፒኤልሲው ሲነሳ ሴንሰሩ ፊት የቆመ እቃ ካለ አር-ትሪግ «አዲስ መጣ» ብሎ ሊቆጥረው ይችላል፤ የመጀመሪያው ስካን ላይ፣ ታይመርም ካለ ታይመሩ እስኪረጋጋ፣ መቁጠሩን ዝጉት።

የሺፍት ቁጥር ሲፈለግ ደግሞ ጠቅላላን ዜሮ አታድርጉ። ሺፍቱ ሲጀምር የነበረውን ቁጥር ሌላ ቦታ ቅዱትና ቀንሱ። ጠቅላላ ዝም ብሎ ይጨምራል፣ ማንም አይነካውም። ኦፕሬተሩ ቁልፉን በስህተት ቢጫን የሚጠፋው የሺፍቱ መነሻ ብቻ ነው፤ እሱንም መልሶ ማስላት ይቻላል። ወደ ኮምፒውተር መረጃ የሚልክ መስመር ካላችሁም ኔትወርኩ ለአንድ ሰዓት ቢቋረጥ በልዩነቱ ሁሉም ይገኛል።

ደረጃ 10፦ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች

ቤልቱ እየሄደ እቃ_አለ ለ2 ሰከንድ ከበራ፣ ወይ እቃ ተቀርቅሯል ወይ ሽቦ ተበጥሷል። መደበኛው 400 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ 2 ሰከንድ በቂ ልዩነት ነው። ቤልቱ እየሄደ ለ10 ሰከንድ ምንም ካልመጣ ደግሞ ወይ እቃ የለም ወይ ሴንሰሩ ከቦታው ዞሯል። ሁለቱም በአንድ ቶን የሚጻፉ ናቸው። ቆጠራው ላይ የሚጨምሩት እምነት ግን ብዙ ነው።

ደረጃ 11፦ መፈተን

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ሳትፈትኑ አታስረክቡ። 100 እቃ በእጅ ቆጥራችሁ በመደበኛ ፍጥነት አሳልፉ። ከዚያ በከፍተኛው ፍጥነት። ከዚያ አስቸጋሪዎቹን፦ ሁለት ካርቶን አጣብቃችሁ፣ አንዱን አጣማችሁ፣ ካርቶኑ ልክ ጨረሩ ላይ እያለ ቤልቱን ደጋግማችሁ አቁማችሁ አስነሱ። በመጨረሻ መሃል ላይ ኃይል አጥፍታችሁ አብሩ።

ሶፍትዌራችሁ ትሬስ (ምልክቶችን በጊዜ ሂደት በግራፍ የሚያሳይ) ካለው እቃ_አለንና እቃ_የተጣራን አንድ ላይ ሳሉ። ቀዳዳው በላይኛው መስመር ላይ እንደ ጥርስ ይታያል፣ በታችኛው ላይ መጥፋት አለበት። ትሬስ ከሌለ የሴንሰሩን መብራትና የሚያልፈውን እቃ በስልክ በስሎው ሞሽን ቅረጹ። ዓይን የማይይዘው ብልጭታ እዚያ ላይ ፍጥጥ ብሎ ይታያል።

ቁጥሩ አሁንም ካልገጠመ አቅጣጫውን እዩ። ከበዛ ምልክቱ እየተንቀጠቀጠ ወይም ቀዳዳ እየተቆጠረ ነው። የሚበዛው ቤልቱ ሲቆምና ሲነሳ ብቻ ከሆነ ንዝረት ነው፣ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ። ካነሰ እቃ እየተጣበቀ ነው ወይም ፒኤልሲው አልደረሰበትም። በከፍተኛ ፍጥነት ብቻ የሚያንስ ከሆነ ስካኑንና የግብአት ፊልተሩን እዩ፤ በየትኛውም ፍጥነት የሚያንስ ከሆነ ሴንሰሩ የቆመበትን ቦታ። በየሺፍቱ በአንድ ብቻ የሚለያይ ከሆነ ደግሞ የሪሴቱን ወይም የመጀመሪያውን ስካን ጉዳይ መርምሩ።

ሲያልቅ ከታይመሮቹ አጠገብ ኮሜንት ጻፉ፦ «ቶን 20፣ ቶፍ 120፤ የተሰላው በደቂቃ 30 ሜትር፣ ለ200 ሚሊ ሜትር ካርቶን፣ ለ100 ሚሊ ሜትር ክፍተት»። ነገ አንዱ መጥቶ የኢንቨርተሩን (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን መሣሪያ) ፍሪኩዌንሲ ከፍ ሲያደርግ እነዚህ ቁጥሮች እንደገና መሰላት እንዳለባቸው የሚነግረው ሌላ ነገር የለም። የፕሮግራሙንም አንድ ኮፒ ከፓኔሉ ውጭ አስቀምጡ።